ፌንጣን የመረጠችው ቲቸር

ብርነሽ ማረፏን የነገረኝ ከወልቂጤ መለዋወጫ ፍለጋ ቡታጅራ የመጣ አንድ ባለሞተር ነው። ካንዴላውን በእጁ እያገላበጠ፣ እንደ ዋዛ፣ «ያቺ ሞተር የምትነዳው ቲቸር እኮ ሞተች። ሰኞ ቸሃ ተቀበረች» አለኝ።

ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ኢና ሊላሂ» አልነበረም። «በሞተር ነው?» ነበር ያልኩት።

«ኧረ በሕመም ነው። ኩላሊቷን ነበር የሚያማት አሉ።»

እውነቱን ለመናገር ከሐዘኑ በፊት የተሰማኝ ቅሬታ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ «አላልኩም ነበር?» የምልበትን ቀን ስጠብቅ ኖሬ፣ እሷ እንደማንኛውም ሰው አልጋዋ ላይ ሞተች። ሰውዬው ዕቃውን ይዞ ሲሄድ ጋራዤን ዘግቼ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። ለሷ ይሁን ለራሴ ዛሬም አላውቅም።

ስሜ ነስሩ ይባላል። ቡታጅራ፣ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሞተር እየጠገንኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ የቻይና ሞተር እንደ ዛሬው ከተማውን ሳያጥለቀልቀው በፊት፣ እዚህ አገር ያለው ሞተር በጣት የሚቆጠር ነበር። አብዛኛው የመሥሪያ ቤት ነው፤ የክትባት፣ የእርሻ፣ የውሃ። ከግሎቹ ትልቁ የኔ ነበር። አንድ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ በጨረታ የገዛሁት የጃፓን ሞተር ነው፤ ረጅም፣ ታንከሩ ቀይ፣ ሲነሳ ድምፁ መናኸሪያ ድረስ የሚሰማ። ሞተር ልግዛ የሚል ሰው ቀድሞ የሚመጣው ወደኔ ነበር። እኔም ኮርቻዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ምክር እሰጣለሁ።

ብርነሽ የመጣችው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። በዚያ ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን የተመደበች የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች። አጠር ያለች፣ ቀጭን፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሴት፤ ጸጉሯን በሻሽ አስራ ደብተር በብብቷ ይዛለች።

«ነስሩ ማለት አንተ ነህ?»

«ነኝ። ምን ልርዳሽ?»

«ሞተር ልገዛ ነው። አስፋልትም ላይ፣ ድንጋይም ላይ የሚሄድ። በአስተማሪ ደመወዝ የሚገዛ።»

«ለማን ነው?»

«ለኔ።»

ሳቅኩ። ጋራዡ በር ላይ የነበሩትም ሳቁ። እሷ አልተቆጣችም፣ አላፈረችምም። ሳቃችንን እስክንጨርስ ዝም ብላ ጠበቀችን። ይህ ልማዷ ነበር፤ ሰው ሞኝነቱን እስኪጨርስ ትጠብቃለች።

«ለሥራ ነው?» አልኳት።

«ትምህርት ቤቱ ከቤቴ አምስት ደቂቃ ነው። መንገድ ለማየት ነው የምፈልገው። መኪና የሚሄድበት ካለቀ በኋላ ያለውን መንገድ። ለተማሪዎቼ በየቀኑ ካርታ አሳያለሁ፤ እዚህ ጀርባችን ያለውን ተራራ ግን ማናችንም ወጥተን አናውቅም።»

እንደሷ የሚናገር ሰው ሰምቼ አላውቅም። እኛ ሞተር የምንገዛው ለጉዳይ ነው፤ ለገበያ፣ ለመሥሪያ ቤት፣ ለመታየትም ጭምር። ለማየት ብቻ የሚገዛ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ነበረች።

«እንግዲያው እንደኔዋ ዓይነት ነው የሚያስፈልግሽ» አልኩ የታንከሩን ቀይ ቀለም በመዳፌ እየጠረግኩ። «ከዚህ ያነሰ ከሆነ ባትገዢ ይሻልሻል።»

ዞራ ዞራ አየቻት። ከዚያ «አስተኛት» አለችኝ።

«ምን?»

«መሬት ላይ አስተኛት። ብትወድቅብኝ ብቻዬን ማንሳት መቻሌን ልይ።»

ሰው እያየ ነው፤ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ጆንያ አንጥፌ ሞተሬን በጎኗ አስተኛኋት። ብርነሽ ደብተሯን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ጎንበስ አለች፣ መሪውን ይዛ ታገለች፣ አንድ ስንዝር ያህል አንስታ ለቀቀቻት። «አልቻልኩም» አለች ትንፋሿ ሲመለስ። ከዚያ ቀና ብላ «አንተስ?» አለችኝ።

ሞተሬ እስከዚያች ቀን ወድቃ አታውቅም ነበር። የምትወድቅበት ቦታ ወስጃት አላውቅማ። በመጀመሪያው ሙከራ እግሬ ተንሸራተተ። በሁለተኛው ወገቤን ያዘኝ። በመጨረሻ አንድ ጋሪ ነጂ ወርዶ አገዘኝ። ሰው ሁሉ በኔ ሲስቅ እሷ ብቻ አልሳቀችም። ደብተሯን ገልጣ አንድ መስመር ጻፈች። «ብቻዬን የማላነሳውን አልገዛም» ብላ መጻፏን በኋላ ራሷ ነው የነገረችኝ።

ያን ዕለት ነው የጀመረኝ። ቅናት መሆኑን ግን አላወቅኩም፤ ንቀት ነበር የመሰለኝ።

ለመምረጥ ሦስት ወር ፈጀባት። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ቆሼ ትወርዳለች፣ ቡኢ ትሄዳለች፣ ሞተር ያለውን ሰው ሁሉ እያስቆመች ትጠይቃለች። ሌላው ገዢ «ጥሩ ነው ወይ?» ነው የሚለው። የሷ ጥያቄ «መጨረሻ የተሰበረብህ ምንድን ነው? ዕቃውን ከየት አገኘህ? ስንት ቀን ጠበቅክ?» የሚል ነበር። ከሕንድ የሚመጣው አስፋልት ላይ ጥሩ ነው፣ ሆዱ ግን ዝቅ ስለሚል ድንጋይ ያገኘዋል አሏት፤ ጻፈች። አዲሱ የቻይና ርካሽ ነው፣ ዓመት ሳይሞላው ግን ብሎኑ ይረግፋል አሏት፤ ጻፈች። እኔ ጋር እየመጣች የጻፈችውን ታነብልኛለች፤ አብዛኛውን እኔ አላውቀውም ነበር። «እንዴ፣ ይሄማ የታወቀ ነው» እላለሁ።

በመጨረሻ የገዛችው ቡኢ አካባቢ ከሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ነው። ትንሽ፣ ቀላል፣ ያረጀች የጃፓን ሞተር። ኮርቻዋ በሸራ ተጠግኗል፣ ቀለሟ አረንጓዴ ይሁን ግራጫ አይለይም፣ በእግር ተረግጣ ነው የምትነሳው። ነገር ግን ሆዷ ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ ብርነሽ ስትቀመጥባት ደግሞ ሁለቱም እግሯ መሬት ይነካል። ከተረፋት ደህና ጥርስ ያለው ጎማና የመፍቻ ቁልፎች ገዛች። ወደ ጋራዤ ነድታ ስትመጣ «ፌንጣ ገዛሽ እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ስሙም እዚያው ጸደቀ። ለመስደብ ነበር ያልኩት። እሷ ግን ወደደችው፤ ሳምንት ሳይሞላ ታንከሩ ላይ በነጭ ቀለም «ፌንጣ» ብላ ጻፈችበት።

ጎማ መለጠፍ አስተምረኝ አለች፤ አስተማርኳት። ሁለት ጊዜ አይታ በሦስተኛው ከኔ በንጽሕና ለጠፈች። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ሲነጋ የፌንጣ ድምፅ በበሬ ያልፋል፤ ማታ ጸሐይ ሳትጠልቅ ብርነሽ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ትመለሳለች። ጋራዤ በር ላይ አቁማ ውሃ እየጠጣች ያየችውን ትናገራለች። የቆሼን በርበሬ ማሳ ትናገራለች፣ ወንዝ ውስጥ ሞተሩ ጠፍቶባት ገበሬዎች በገመድ እንደጎተቷት ትናገራለች፣ ሽማግሌዎች «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው በየደጁ ወተት እንዳጠጧት ትናገራለች። ዕቃ ሊገዛ የመጣው ሰው ጉዳዩን ረስቶ ይሰማታል። ቀስ በቀስ ሞተር ሊገዛ የሚያስብ ሰው «ቲቸር መቼ ነው የምትመጣው?» እያለ ይጠይቀኝ ጀመር። በገዛ ጋራዤ፣ እኔን!

ባለቤቴ ሸሪፋም ወደደቻት። አንድ ቀን ምሳ ጋበዘቻትና ሦስት ሰዓት ሙሉ አስወራቻት። ብርነሽ ከሄደች በኋላ ሸሪፋ ሳህኑን እያነሳች «ያንተ ሞተር ሰባት ዓመቷ ነው አይደል?» አለችኝ።

«ነው፣ ምነው?»

«ምንም። ከአስፋልቱ ወርዳ ታውቅ እንደሆነ ብዬ ነው።»

በክፋት አይደለም የተናገረችው። እኔን ግን ያን ሳምንት እህል አላስበላኝም። ሞተር አልነበረም የጎደለኝ፤ ሞተርማ ከሷ የተሻለ ነበረኝ። መንገዱም ለሁለታችን እኩል ነበር። እሷ ተነስታ ሄደች፣ እኔ በር ላይ ቀረሁ፤ ይኸው ነው።

የብርነሽ እናት የሚኖሩት ቸሃ ነው፣ ከተራራው ወዲያ። ከቡታጅራ ወደዚያ በመኪና ለመሄድ እስከ አዲስ አበባ ጫፍ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ በወልቂጤ በኩል መግባት ነው፤ ሙሉ ቀን ይፈጃል። በተራራው ላይ የሚያቋርጠው የፈረስና የከብት መንገድ ነው፤ መኪና አይደፍረውም። ብርነሽ ያን መንገድ በፌንጣ ለመሻገር ቆረጠች። የዓመቱ ትምህርት ሊዘጋ ሲል ጋራዤ መጣች።

«ነስሩ፣ የፍሪሲዮን ካቦ ስጠኝ። የኔው መሳሳት ጀምሯል።»

የፍሪሲዮን ካቦ ማለት ማርሽ ሲቀየር በግራ እጅ የሚሳበው ሽቦ ነው። ያለሱ ሞተር ዳገት ላይ አይታመንም። የሷን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከቀጫጭን ክሮቹ ሦስት አራቱ ተበጥሰዋል። መሳቢያዬ ውስጥ ለፌንጣ የሚሆን ሦስት አዲስ ካቦ ነበረኝ።

«አልቋል» አልኳት።

«ከአዲስ አበባ አይመጣም?»

«ሳምንት ይፈጃል። ግን ምን አስጨነቀሽ? ይሄ ገና ዓመት ይሠራል።»

ለምን እንዳልኩት ደጋግሜ ራሴን ጠይቄያለሁ። እንድትጎዳ አልፈለግኩም፤ ወላሂ አልፈለግኩም። የፈለግኩት እንድትቀር ነው። ወይም ግማሽ መንገድ ላይ ተመልሳ በሬ ላይ ቆማ «አልቻልኩም» እንድትል ነው። ብርነሽ ግን ባለሙያ ያለውን ታምናለች። «እሺ፣ አንተ ካልክ» ብላ ሄደች።

ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ድምፅ የለም። ሸሪፋ «ቲቸር ደረሰች ይሆን?» ባለች ቁጥር «ትደርሳለች» ብዬ ወደ ጋራዤ እወጣለሁ። ከወር በላይ ቆይታ አንድ ከሰዓት በኋላ የፌንጣን ድምፅ ሰማሁ። ከተራራው በኩል ነበር የመጣችው። ግራ እጇ በጨርቅ ታስሯል።

ሰው ከበባት። እየሳቀች ተረከች። መንገዱን ልትጨርስ ስትል፣ የመጨረሻው ዳገት ላይ ከብት መንገድ ዘጋባት። ልትቆም ፍሪሲዮኑን ስትስብ ካቦው ተበጠሰ፤ ሞተሩ ጠፋ፤ ወደኋላ ተንሸራትተው ወደቁ። የግራ እጇ አንጓ ከሞተሩና ከድንጋይ መሀል ገባ። አንድ ገበሬና ሚስቱ ቤታቸው አስገቧት፣ ወጌሻ ጠሩ፣ አምስት ቀን አስታመሟት። ከዚያ በፈረስ አድርገው እናቷ ቤት አደረሷት። ሲሻላት አዲስ ካቦ ከወልቂጤ ገዝታ ተመልሳ ወጣች፤ ፌንጣን ካስቀመጠችበት አንስታ ተራራውን ተሻግራ መጣች።

«ከላይ ሆነህ እኮ ነስሩ» አለችኝ፣ ዓይኗ እያበራ፣ «ዝዋይ ድረስ ይታያል። ሐይቁ! እኔ ካርታ ላይ ሳሳይ የኖርኩት ውሃ እዚያ ተኝቷል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ግን ደግሞ፣ ይህን ስናገር አፍራለሁ፣ ከጸጸቱ ሥር ሌላ ነገር ይንቀለቀል ነበር። ያስቀረኋት መስሎኝ ያደረግኩት ነገር ራሱ ታሪኳን አሳምሮላት መጣ። ሰው ሁሉ እጇን እያየ «ጀግና» ሲል እኔ ውስጤ በቅናት አረረ።

እጇ ተሻላት፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይጨበጥላትም ነበር። ሁለቱ ጣቶቿ ደነዙ። ጠመኔ የምትይዘው በቀኝ ስለሆነ ለሥራዋ አላስቸገራትም። ፍሪሲዮን ስትስብ ግን ፊቷ ይኮማተር ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ካንዴላ ፈልጋ መጣች። እኔ የሰው ሞተር ሥር ተኝቼ እጄ በዘይት ተነክሯል። ሳላስብ «ከመሳቢያው ውስጥ ውሰጂ» አልኳት።

መሳቢያው ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ ምንም አልሰማሁም። ከሞተሩ ሥር ወጥቼ ቀና ስል ሦስቱን ካቦዎች በእጇ ይዛለች። ላስቲካቸው ላይ አቧራ ተኝቶበታል።

«እነዚህ አሁን የመጡ ናቸው?»

አዎ ማለት እችል ነበር። ያን ዓይን እያየሁ ግን አልዋሸሁም። «አይደሉም።»

«ያኔም ነበሩ?»

«ነበሩ።»

«ለምን?»

እጄን በጨርቅ መጥረግ ጀመርኩ። እሷም እንደ ልማዷ ጠበቀችኝ። ያ መጠበቅ ነው ያናዘዘኝ።

«ቀንቼ ነው» አልኩ።

በእውነት ግራ ተጋብታ አየችኝ። «በኔ? በምኔ? ያንተ ሞተር ከኔ ይበልጣል። ቤት አለህ፣ ሸሪፋ አለችህ፣ ልጆች አሉህ። እኔ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው።»

«ትሄጃለሽ» አልኳት። ሌላ ቃል አላገኘሁም።

የደነዙ ጣቶቿን በቀኝ እጇ ያዘች። ካቦዎቹን ወደነበሩበት መልሳ መሳቢያውን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። «አንተን ማን ያዘህ?» አለችኝና ካንዴላውን ሳትወስድ ወጣች።

ዳግመኛ ጋራዤ አልመጣችም። ለሰው ትናገራለች ብዬ ስፈራ ከረምኩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በበሬ ስታልፍ ከተማው በኔ ላይ ሲነሳ ይታየኝ ነበር። ለማንም አልተናገረችም። ሸሪፋን ገበያ ላይ ስታገኛት እንደ ድሮው ትስማታለች። ደንበኞቼ አልቀነሱም። ብትሰድበኝ ኖሮ እኔም መልስ ይኖረኝ ነበር። ዝም አለችኝ፤ በዝምታዋም ቀናሁባት፣ እኔ ብሆን ዝም ልል እንደማልችል ስለማውቅ።

አንድ ቅዳሜ እሷ ከተማ ውስጥ አለመኖሯን አረጋግጬ የኔን ሞተር አስነሳሁና ወደ ተራራው ሄድኩ። ከእንሰቱ መሀል ወጥቼ የመጀመሪያው ዳገት ሥር ስደርስ ትንሽ ጅረት አገኘሁ። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይሞላም። ሞተሬን አቁሜ ብዙ ጊዜ አየሁት። ወድቃ ብቻዬን ባላነሳትስ? አንዲት ውሃ የምትቀዳ ሴት «ቲቸርን ነው የምትፈልገው? ዛሬ በሌላ በኩል ነው የሄደችው» አለችኝ። ሞተሬን አዙሬ ተመለስኩ። በዚያው ዓመት ሸጥኳት።

ብርነሽም ብዙ ሳትቆይ ወደ ወልቂጤ ተዛወረች። ስትሄድ አልተሰናበተችኝም፤ እኔም ልሸኛት አልወጣሁም። ከዚያ በኋላ የማውቀው ከመንገደኛ የሰማሁትን ብቻ ነው። ወሬዋ ሁሉ የመንገድ ወሬ ነበር፤ ጊቤ በረሃ ታየች፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ተራራ ላይ።

ሞቷን በሰማሁ በሦስተኛው ቀን ሸሪፋን ይዤ ለቅሶ ሄድኩ። በመኪና፣ ዞረን። ቸሃ ስንደርስ የእናቷ ደጅ በሰው ተሞልቷል። የትምህርት ቤት ባልደረቦቿና የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች መኖራቸውን ጠብቄ ነበር። ያልጠበቅኩት ሌላውን ነው። ከተራራው የወረዱ ፈረሰኞች፣ ከቆላ የመጡ የበርበሬ ገበሬዎች፣ የሷን ቋንቋ የማያውቁ ሴቶች። ያኔ አምስት ቀን ያስታመሟት ባልና ሚስት በእግራቸው መጥተዋል። እዚያ ቆሜ፣ ሬሳዋ ከተቀበረ ሳምንት ሳይሞላ፣ «እኔ ስሞት ከጋራዤ ማዶ ማን ይመጣል?» ብዬ አሰብኩ። በሟች ቀናሁ። ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ።

ሸሪፋ እንባዋን እየጠረገች ከሴቶቹ ጋር ስትቀመጥ የብርነሽ ወንድም ስሜን ጠይቆኝ ወደ እናታቸው ወሰደኝ። አሮጊት ናቸው፣ አማርኛውን ቃል እየፈለጉ የሚናገሩ። ልጃቸው በጆሯቸው «ነስሩ ነው፣ የቡታጅራው» ሲላቸው ሁለቱንም እጄን ያዙ።

«ጎማ ያስተማርክ? ብርነሽ ትነግረኝ ነበር። መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳ ነስሩን አመሰግናለሁ ትላለች። ተባረክ፣ ልጄ።»

ምርቃቱን መሸከም አቃተኝ። ያን ሁሉ ዓመት ያፈንኩት እዚያው ወጣ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ስለ ካቦው፣ ስለ መሳቢያው፣ ስለ እጇ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ወንድሟ ፊቱ ተለዋወጠ። እናቷ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እሷ ይህን ታውቅ ነበር?» አሉ።

«ታውቅ ነበር፣ እናቴ።»

«እኔ እጅሽን ምን ነካው ስላት ድንጋይ ነው አለችኝ። እስክትሞት ድንጋይ ነው አለች።» ቃል ፈለጉ። «እሷ ለኔ ያልነገረችውን፣ አንተ ለምን ነገርከኝ?»

እጄን ለቀቁ። ለቅሶ ሊደርሱ ወደ መጡ ሌሎች ሰዎች ዞሩ። ከዚያ እንደገና ወደ ልጃቸው አንገታቸውን መለስ አድርገው፣ እኔን ሳያዩ፣ «ለሰውዬው ምግብ ስጡት። ከሩቅ ነው የመጣው» አሉ።

ቆጮ በጎመን አመጡልኝ። ወንድሟ ፊቴ አስቀምጦ ሳይናገረኝ ሄደ። ከተራራው ሰዎች መሀል ተቀምጬ፣ ስለ ብርነሽ በማላውቀው ቋንቋ ሲያወሩ እየሰማሁ፣ የቀረበልኝን በላሁ።